ሽምግልና ሄጄ «ታገሺ» ብዬ መጣሁ

የጦሳ ሥር (ደሴ) ኅዳር 18፣ ማታ 3፡40

ሰላም የወሎ ልጆች። ይህን ክር የከፈትኩት ምክር ፈልጌ ነው። ስድብም ካለ እቀበላለሁ።

ባለፈው እሑድ ሦስት ሆነን ሽምግልና ሄድን። ባልየው የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኛዬ ነው። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ [ሰፈሩ በአወያይ ተሰርዟል] ወንድሟ ቤት ገብታለች። ስንደርስ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ተቀምጣለች። ያም ሆኖ የግራ ዓይኗ ማበጡ ይታያል።

ቡና ተፈላ። ታላቃችን ጀመሩ። እግርና እግር እንኳ ይጋጫል፣ ትዳር ያለ ኮሽታ አይሆንም፣ የተለመደው ሁሉ ተባለ። ከዚያ ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። «አንቺም ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ» አሏት። ተራው የኔ ሲሆን «ለልጆችሽ ስትዪ ታገሺ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እስኪ ለሱም አንድ ነገር በለው» አለችኝ።

ቡናዬን ጠጣሁ። ሌላ ምንም አላልኩም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጓደኛዬ መንገድ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወንድ ናችሁ!» አለን።

ኅዳር 16 ደግሞ መሥሪያ ቤት ነጭ ሪቫን ደረቴ ላይ ሰኩልኝ። ጥቃት አልፈጽምም፣ ሲፈጸምም ዝም አልልም ብለን እጅ አወጣን። እጄን ሳነሳ ያ ቡና ትዝ አለኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሽምግልና ስትቀመጡ ወንዱን ምን ትሉታላችሁ? ለሷ የሚባለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለሱ የሚባለውን ግን ያስተማረኝ ሰው የለም።

አወያይ ኅዳር 18፣ ማታ 3፡52

ሰፈርና ሰው የሚያስታውቅ ነገር አትጻፉ። ደሴ ትንሽ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከሷ ታንሳለች።

ቀዝቃዛ ደሴ ኅዳር 18፣ ማታ 4፡05

ሪቫኑ ኮትህ ላይ አምሮብሃል ወይ? ቀልድ ነው፣ ይቅርታ።

ቁም ነገሩን ልናገር። ይህ ነጭ ሪቫን ሲጀመር የወንዶች ነገር ነበር። በ1989 በፈረንጆቹ፣ ሞንትሪያል ውስጥ አንድ ሰው የምህንድስና ትምህርት ቤት ገብቶ 14 ሴቶች ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የካናዳ ወንዶች «ይህ የኛም ጉዳይ ነው» ብለው ሪቫኑን አሰሩ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን ሆነ? በየዓመቱ አዳራሽ ይሞላል፣ ተሰብሳቢው ሁሉ ሴት ነው። ወንድ ከተገኘ ድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክለው ልጅ ነው። ወይ ንግግር ከፍቶ «ሌላ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ የሚወጣው አለቃ። የተመታችውን ሰብስበን አትመቱ እንላለን እኮ!

ዶሴ (ደሴ) ኅዳር 18፣ ማታ 4፡31

ሕግ ነው የተማርኩት። ባሰለቻችሁ ይቅርታ።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሚስትን ስለመምታት ለብቻው አንቀጽ አልነበረውም። አንቀጽ 564ን ያመጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጹ የራሱ ቅጣት የለውም። ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች፣ ከ555 እስከ 560 ወዳሉት ይመራሃል። ሚስትህን መምታት የሰው ሚስት ከመምታት አይለይም ማለቱ ነው።

አሁን እኛ ሽማግሌዎች የት እንደምንገባ ላሳይህ። በ556 ቀላል የአካል ጉዳት የግል አቤቱታ ይፈልጋል። አቤት ባይዋ እሷ ናት። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቤቷ መጥተው «ተይው» ካሏት ፋይሉ እዚያው ቡናው ላይ ሞተ። አንተ «ታገሺ» ስትላት ምክር የሰጠሃት መስሎሃል። ዶሴ ነው የዘጋኸው፣ ወንድሜ። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን የዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሷ ይቅር ብትልም አይቆምም። ይህንን ሽማግሌው ሁሉ ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

(አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ደግሞ «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል አለው። እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።)

እውነት ይነገር ኅዳር 19፣ ጠዋት 1፡15

ሁልጊዜ ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ። ወንድስ አይመታም? አፏ እንደ ሚጥሚጣ የሆነች ሴት የለችም? ደግሞ ራሳቸው ሴቶቹ «ካጠፋች ትመታ» ይላሉ። የመንግሥት ጥናት ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። አቦ፣ ቤት አታፍርሱ። ሽምግልና ባይኖር የወሎ ትዳር ግማሹ ፈርሶ ነበር።

ጓንት (ነርስ፣ ደሴ) ኅዳር 19፣ ጠዋት 4፡20

@እውነት ይነገር ጥናቱን ካነሳኸው ሙሉውን እናንብበው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስትን መምታት ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች 63 ከመቶ ናቸው። ወንዶች 28 ከመቶ። ልክ ነህ። ግን በ2003ቱ ዳሰሳ እንዲህ ያሉት ወንዶች 45 ከመቶ ነበሩ። ወንዶቹ በአምስት ዓመት ይህን ያህል ተለወጡ ወይስ ለጠያቂ ምን መመለስ እንዳለባቸው ተማሩ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ሴቶቹማ የሚሉት ከልጅነት ጀምሮ የተነገራቸውን ነው። የጦሳ ሥር እሑድ ዕለት የነገራትን።

እዚያው ጥናት ላይ፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 66 ከመቶው እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም።

ለማንም ያልተናገሩት እኔ ጋ ይመጣሉ። «በር መታኝ»፣ «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» ይላሉ። ምን ዓይነት በር እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ ፊት ላይ ነው የሚመታው። ባልየው አጠገቧ ቆሞ እሷ ስትጠየቅ እሱ ይመልሳል። አንድ ወንድ ባልደረባ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያይ «ወንድሜ፣ ና ካርዱን አንድ ላይ እናስተካክል» ብሎ ሰውየውን ይዞት ይወጣል። ካርዱ ምንም አልሆነም። አምስት ደቂቃ ያቆየዋል። እውነቱን የምትነግረኝ በዚያች አምስት ደቂቃ ነው። ወንዶች ምን እናድርግ ስትሉ እኔ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ሪቫን አድርጎ አይቼው አላውቅም።

@የጦሳ ሥር አንድ ማስጠንቀቂያ። አሁን ጸጽቶህ ጓደኛህ ላይ ዘልለህ እንዳትሄድ! መጀመሪያ እሷን አስጠይቅ። አንተ ስትሄድ እሱ ወደ ቤቱ ነው የሚገባው። «ገመናዬን አወጣሽ» ብሎ ዋጋውን ከሷ ነው የሚቀበለው። ይህንንም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የሐረጎ ዳገት (ሹፌር፣ ደሴ–ኮምቦልቻ) ኅዳር 19፣ ቀን 8፡10

ወረፋ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አምና ከደሴ ስወርድ ኋላ ወንበር ላይ አንዱ አብራው ያለችውን ሴት በጥፊ አጮላት። ድምፁ እስከ ጋቢና ተሰማ። በመስታወት ሳይ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ገደሉን ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ነው የሚመስሉት። ሐረጎ ላይ ዳር ያዝኩና «ውረድ» አልኩት። «ሚስቴ ናት፣ ምን አገባህ?» አለ። «መኪናው የኔ ነው፣ ውረድ» አልኩ። ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «ሹፌር፣ ኧረ ረፍዶብናል፣ ንዳ!»

ወረደ። ተከትላው እሷም ወረደች። ነዳሁ።

ጉም ነበር። በመስታወት ሁለቱ ዳገቱ ላይ ቆመው ትንሽ ታዩኝና ጠፉ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ ስደርስ ነው የገባኝ። እሷን ከሱ ጋር ሐረጎ ላይ ጥያት መጣሁ።

በረካ (ደሴ) ኅዳር 19፣ ማታ 1፡30

ልጄ፣ «ውረድ» ማለትህ ጥሩ ነበር። ግን እሷንም «አንቺ ተቀመጪ፣ የምትሄጂበት አደርስሻለሁ፣ ሂሳብ አልፈልግም» ማለት ነበረብህ። ብትወርድም ባትወርድም ከሷ ጎን የሚቆም ሰው እንዳለ ትሰማ ነበር። እናንተ ወንዶች ስትቆጡ ወንዱን ብቻ ነው የምታዩት። ከወንድ ጋር ጸብ ትገጥማላችሁ፣ ሴቲቱ መሐል ትረሳለች።

ስድሳ አልፎኛል። ቡና ሳፈላ ሦስት ሽምግልና ቤቴ ተቀምጧል፣ ሁለቱ በራሴ ጉዳይ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የሌሊት ፈረቃ (ኮምቦልቻ) ኅዳር 19፣ ሌሊት 5፡48

አሁን ገባሁ። የመንገዱን ነገርም ላንሳ።

ሰርቪስ ዋናው አስፋልት ላይ ያወርደናል። ከዚያ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሱቅ በረንዳ ላይ ልጆች ይቀመጣሉ። ለከፋው የሚጀምረው እዚያ ነው። መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ስድብ፣ አንዳንዴ ክንድ መያዝ። ክፉ ልጆች አይደሉም ብላችሁ ታምናላችሁ? አንዱ ለእናቴ ከሰል ተሸክሞላት ያውቃል። ለየብቻ ሳገኛቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ነው የሚተክሉት። አምስት ሲሆኑ ነው ሌላ የሚሆኑት።

አንድ ማታ ከመሐላቸው አንዱ ድምፁን ሳያነሳ «ኧረ ተዋት፣ የሰፈራችን ልጅ ናት» አለ። ቆመ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ማንም አይነካኝም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የጎደለችው። የፖሊስም የሪቫንም ነገር አላስፈለገም።

ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩት። የሰፈራቸው ልጅ ባልሆንስ? አብራኝ የምትወርደው ልጅ ከገጠር የመጣች ናት፣ ተከራይታ ነው የምትኖረው። እሷን ገና አልተዋትም።

ቅሬ ጸሐፊ (ደሴ) ኅዳር 20፣ ጠዋት 2፡30

ከኛ ቅሬ የሆነውን ልንገራችሁ። (ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ ቅሬ ማለት እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የምንቀባበርበት።)

የቅሬያችን ደንብ ለሁሉም ነገር ቅጣት አለው። ቀብር ለቀረ፣ ድንኳን ለቀደደ፣ የቅሬውን ብረት ድስት ሳያጥብ ለመለሰ። እኔ ጸሐፊው ነኝ፣ ቅጣቱን የምጽፈው። አንድ ቀን «ሚስቱን ለመታስ?» ብዬ አነሳሁ። ሳቅ ሆነ። አንድ አዛውንት «ቅሬ የሞት ነው፣ የቤት ጣጣ ውስጥ አይገባም» አሉ። ይሄኔ ከሴቶቹ ወገን አንዷ ተነሳችና «ታዲያ እስክንሞት ነው እንዴ የምትጠብቁን?» አለች።

ማንም አልሳቀም።

ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። የተስማማንበት ይህ ነው። በባልና ሚስት ጸብ ሽምግልና ከተቀመጥን ቢያንስ ሁለት ሴቶች ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣሉ፣ ቡና ለማፍላት አይደለም። መጀመሪያ የሚናገረው መቺው ነው። «ተጣላን» ማለት አይፈቀድም፤ «መታኋት» ብሎ ይጀምራል። እሷ መመለስ ካልፈለገች ማንም አይለምናትም። ክስ ካላትም ቅሬው አቤቱታ አንሺ አይላትም። ከተመለሰች ሁለት ወንዶች በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሦስት ወር እየሄዱ ቤቱን ይጠይቃሉ። መቀጫም አለ፣ ግን እሱ ዋናው አልሆነም። ሰውን የሚያስፈራው «መታኋት» የምትለው ቃል ናት። አንዱ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አፉ እንቢ አለው።

ሁሉም ተስተካከለ አልልም። ሁለት አባላት «የሴት ቅሬ ሆነ» ብለው ወጥተዋል። ወርሃዊ መዋጯቸው ቀርቶብናል፣ ድንኳኑ ግን እንዳለ ነው።

መምህሩ (ኮምቦልቻ) ኅዳር 20፣ ቀን 6፡15

@ቅሬ ጸሐፊ የምትለው ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። ጉራጌ ዞን 64 መንደሮች ላይ የተሠራ አለ። ሰዉን አዳራሽ አልሰበሰቡትም። ቡና አፈሉና በቡናው ዙሪያ 14 ጊዜ አወያዩት። አንዳንዱ መንደር ወንዶች ብቻ፣ አንዳንዱ ሴቶች ብቻ፣ አንዳንዱ ባልና ሚስት አንድ ላይ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለኩት፣ ወንዶች ለብቻቸው በተወያዩባቸው መንደሮች በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ቀንሷል። ሴቶች ብቻ በተወያዩበት ይህ አልታየም። እንዴት ይታያል? እጁ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ካምፓላም «ሳሳ» የሚባል አለ፣ በስዋሂሊ «አሁን» ማለት ነው። የሰፈር ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ ጎረቤቶቻቸውን ለዓመታት ያወያዩበት ነው። ከሌሎቹ ሰፈሮች ጋር ሲነጻጸር አካላዊ ጥቃቱ 52 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዓመታት ነው ያልኩት። የአንድ ቀን ወርክሾፕ ከምሳ ጋር አይደለም።

ቀዝቃዛ ደሴ ኅዳር 20፣ ቀን 6፡22

14 ቡና? እናቴ በአምስት ቀን ትጨርሰዋለች።

የደረሳ ልጅ ኅዳር 20፣ ማታ 2፡00

በውስጥ መስመር «ሃይማኖት ይፈቅዳል» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። አባቴ ሲያቀራ (ዲን ሲያስተምር) የሰማሁትን ልንገራችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴትም ሆነ አገልጋይ በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ የተናገሩት እናታችን አዒሻ ናቸው። የቤታቸውን የምታውቀው የቤታቸው ሰው ናት። ሱናው ይህ ከሆነ ከየት ነው የተማርነው? ክርስቲያን ወንድሞቻችንም ጳውሎስ ለባሎች የጻፈውን ያንብቡ፣ ለሚስቶች የጻፈውን ብቻ ሳይሆን። በዚህ እንዳንከራከር፣ ረዥም ነው።

ስም አይጠቀስ ኅዳር 21፣ ሌሊት 7፡10

አዲስ ስም ከፍቼ ነው የምጽፈው። እኔ መቺው ነኝ።

ሦስት ጊዜ አስታርቀውኛል። ሦስቱንም ጊዜ ሙክት አረድኩ። ሽማግሌዎቹን ስሸኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ድግስ ያሳካሁ ነበር የሚመስለኝ። ጥፋቴን ማንም ስላልጠራው እኔም አልጠራሁትም። «ተናድዶ ነው» አሉልኝ። አለቃዬ በቀን አሥር ጊዜ ያናድደኛል። አለቃዬን መትቼ አላውቅም።

ያቆመኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። አርብ አርብ በርጫ አብረን ነበር የምንቀመጠው። አንድ አርብ መጥቶ ጫቱን አስቀመጠና «ትናንት ሚስትህን ሱቅ አየኋት፣ ፊቷን አየሁት። አንተ እጅህን እስክትሰበስብ ካንተ ጋር አልቀመጥም» ብሎ ወጣ። ሌሎቹ ዝም አሉ። በሚቀጥለው አርብ ሁለት ሰው ቀረ። ወላሂ ከእስር ይልቅ ያ ነው የከበደኝ። ሰባት ወር አላናገረኝም።

አሁን ስድስት ዓመት ሆነኝ።

በረካ ኅዳር 21፣ ጠዋት 3፡05

መናገርህ ጥሩ። ሌሎች «ጀግና» ሊሉህ ይመጣሉ፣ አትቀበላቸው። አለመምታት ዕዳ መክፈል ነው፣ ሽልማት የለውም። እሷስ ዛሬ ምን ትላለች? እሱን አልጻፍክም።

ስም አይጠቀስ ኅዳር 21፣ ጠዋት 3፡40

ልክ ነዎት እትዬ። ጠይቄያት አላውቅም። እጄን ድንገት ሳነሳ እስከ ዛሬ ዓይኗ እጄን ይከተላል። መልሱ እሱ ይመስለኛል።

እውነት ይነገር ኅዳር 21፣ ቀን 7፡00

አሁንም ወንድም ይመታል እላለሁ። ሲመታም እንነጋገርበት። ግን ያ የበርጫው ጓደኛ… እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። አንድም ሰው ላይ አድርጌው አላውቅም። ይህን ለማለት ነው።

የጦሳ ሥር ኅዳር 28፣ ማታ 2፡15

የሆነውን ልንገራችሁ።

ጓንት እንዳለችኝ መጀመሪያ በባለቤቴ በኩል አስጠየቅኳት። መልሷ እንዲህ ነበር፦ «ይንገረው። ግን እኔ እህቴ ጋ በሄድኩበት ቀን ይሁን።» ሐሙስ ልጆቹን ይዛ ሄደች። (የት እንደሆነ አልጽፍም፣ አወያዩ ይቆጣኛል።)

አርብ ፒያሳ ሻይ ጋበዝኩት። «ያን ዕለት ፊትህ ዋሽቻለሁ» አልኩት። «ጥፋቱ የሷ አልነበረም። መታሃት። ዓይኗን አየሁት፣ አይቼም ታገሺ አልኳት። ዳግመኛ ለሽምግልና አትጥራኝ። ከደገምክ እሷ ስትከስ ያየሁትን እመሰክራለሁ።» ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ያዘጋጀሁት ንግግር ከዚህ ይረዝም ነበር፣ ግማሹ ጠፋኝ።

ተነሳ። «አንተን ብሎ ሽማግሌ!» አለኝ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ትናንት መንገድ ተሻግሮ በአገጩ ብቻ ሰላም አለኝ።

የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኛዬ ነው። ከብዶኛል።

በረካ ኅዳር 28፣ ማታ 2፡30

እሷ መቼ ነው የምትመለሰው?

የጦሳ ሥር ኅዳር 28፣ ማታ 2፡34

ማክሰኞ ልብስና የልጆቹን ደብተር ልትወስድ ትመጣለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግ አልወሰነችም። አልጠየቅናትም።

በረካ ኅዳር 28፣ ማታ 2፡41

ብቻዋን እንዳትገባ። ባለቤትህ አብራት ትግባ። አንተ ደጅ ቁም።

የሐረጎ ዳገት ኅዳር 28፣ ማታ 3፡02

ማክሰኞ ከሰዓት ወረፋ የለኝም። መኪናውን ይዤ እመጣለሁ፣ የምትሄድበት አደርሳታለሁ። ስንት ሰዓት ነው?